የማያሳክከውን ምልክት አትናቁ



በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከመድረክ እምብዛም የማይነሣ፣ ነገር ግን ያልገባበት ቤት የማይገኝ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የቆዳ በሽታ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሲያመው ወይም ሲያሳክከው ነው። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ሰው ሲነጋ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ክንዱ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት የወጣበት፣ ነገር ግን የማያሳክከውና የማያመው ሰው ደግሞ «በራሱ ጊዜ ይጠፋል» እያለ ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጣል። በቆዳ በሽታ ላይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። እንቅልፍ የሚነሡን አብዛኞቹ ሕመሞች በጥቂት ሳምንታት ሕክምና የሚድኑ ናቸው፤ ጣትን የሚያጣምመውና ዓይንን የሚያጠፋው ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚገባው። ስለዚህ በቤታችሁም ሆነ በኅብረታችሁ ውስጥ የምታዩአቸውን የተለመዱ ምልክቶች እንዴት እንደምትለዩ አንድ በአንድ እንመልከት።

ካህኑ እንዴት ያይ ነበር?

ዘሌዋውያን 13 መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ ስናነብ ቶሎ ቶሎ ከምናልፋቸው ምዕራፎች አንዱ ነው። ቀስ ብሎ ላነበበው ግን የሚያስደንቅ ጥንቃቄ አለበት። ካህኑ ምልክቱን ቀርቦ ያያል፤ በምልክቱ ላይ ያለው ጠጕር ነጥቶ እንደሆነ፣ ምልክቱም ከቆዳው ጠልቆ እንደሆነ ይመለከታል። ካልለየለት ሰውየውን ሰባት ቀን አቆይቶ እንደገና ያየዋል፤ አሁንም ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። በአንድ እይታ ብቻ «ይህ የተረገመ ነው» ብሎ አያባርርም። በቁጥር 38 እና 39 ላይ ደብዘዝ ያለ ነጭ ምልክት የወጣበት ሰው ንጹሕ ነው ተብሎ ይለቀቃል። ቀጥሎ ባሉት ቁጥሮች ራሱ የተመለጠውም ሰው ንጹሕ ነው ተብሏል (ይህ ለአንዳንድ ሽማግሌዎቻችን መልካም ዜና ሳይሆን አይቀርም)።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ችግር ማንሣት ያስፈልጋል። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ለምጽ» የተባለው በዕብራይስጥ ጻራዓት የሚባለው ነው። ይህ ቃል በሰው ቆዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ ለሚወጣም ነገር ተነግሯል (ዘሌ. 13፥47፤ 14፥34)። ስለዚህ የአንድ በሽታ ስም ሊሆን አይችልም። ዛሬ በየሰፈራችን «ለምጽ» የምንለው ደግሞ ቆዳው ቀለሙን አጥቶ እንደ ኖራ የሚነጣበትን፣ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ የማይተላለፈውን ሁኔታ ነው። ሦስተኛው ሥጋ ደዌ ነው፤ እርሱ በባክቴሪያ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። እነዚህ ሦስቱ በስብከታችን ውስጥ ተቀላቅለዋል። ስለ ግያዝ በሚሰበክበት እሑድ በፊቷ ላይ ለምጽ ያለባት እህት ከየትኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደምትሰማ ያስተዋለ ሰባኪ ስንት ነው? እግረ መንገዴን፣ «ቆማጣ» የሚለውን ቃልም በስብከትም ሆነ በቀልድ ብንተወው መልካም ነው።

የሚያሳክኩት

ሌሊት ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ካለ፣ በተለይም በቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚያክክ ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እከክ ነው። እከክን የምታመጣው በዓይን በደንብ የማትታይ፣ ቆዳን ቦርቡራ እንቁላሏን የምትጥል ጥቃቅን ተባይ ናት። ምልክቱ የሚወጣበት ቦታ ይለየዋል፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብ ዙሪያ፣ በመቀመጫ፣ በወንዶች ብልት ላይ፣ በሴቶች ጡት አካባቢ ነው። ፊትና ራስ ላይ በአዋቂዎች እምብዛም አይወጣም፤ በሕፃናት ግን ይወጣል፤ መዳፍና የውስጥ እግራቸውም ላይ ይታያል።

ስለ እከክ ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከኩ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ለሌላው ማስተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ገና የማያሳክከውም የቤተሰብ አባል ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀን መታከም አለበት። እናት ዛሬ፣ ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት፣ አባት «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ሳይታከም ከቀረ፣ በሽታው በቤቱ ውስጥ ሲዞር ይከርማል። መድኃኒቱ (ፐርሜትሪን፣ ቤንዚል ቤንዞኤት ወይም የሰልፈር ቅባት) ከአንገት ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ የሚቀባ ነው እንጂ የሚያሳክከው ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች የትኛው እንደሚሆን የጤና ባለሙያ ይንገራችሁ። የለበሳችሁትንና የተኛችሁበትን በሙቅ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ሊታጠብ የማይችለውን በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ አንድ ሳምንት አስቀምጡት። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ይህን አይታችሁ መድኃኒቱን ደጋግማችሁ አትቀቡ። ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ ማጥፊያ መርዝ በሰውነት ላይ መቀባት ደግሞ አደገኛ ነው።

እከክ የድህነት ምልክት ወይም የንጽሕና ጉድለት ማስረጃ ተደርጎ ስለሚታይ ሰዎች ይደብቁታል። በ2015 እና 2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከነበረው ድርቅ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል ውስጥ በሰፊው ተዛምቶ እንደነበር ይታወሳል፤ ውኃ ሲጠፋና ሰው ተጨናንቆ ሲኖር የሚመጣ ነገር ነው። እኛም ዘንድ በወጣቶች ኮንፈረንስና በጸሎት ቤቶች ብርድ ልብስ ተጋርተን ስለምንተኛ፣ ከጉባኤ ሲመለሱ የሚያሳክካቸው ቢኖሩ ለመሪዎቹ ቢናገሩ ለሌሎቹም ይጠቅማል።

ቀለበት የመሰለ፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ የሚላጥ፣ መካከሉ ግን ወደ ጤናማ ቆዳ የሚመለስ ምልክት ካያችሁ ጭርት ነው። በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን በቅባት ይድናል። በልጆች ራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር እንለዋለን፤ ጠጕሩ ይሰበራል፣ ቦታው ቅርፊት ያበጃል። ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ በጠጕሩ ሥር ስለሚገባ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የልጁን ራስ ላጭቶ ቅባት መለቅለቅ የብዙ ወላጆች ልማድ ነው፤ ድካም ብቻ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ ቶንዶሱ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት መጽዳቱንም ጠይቁ።

ችፌ ደግሞ ቆዳው ደርቆ፣ ሸክሮ የሚያሳክክበት ነው። በሕፃናት ጉንጭ ላይ፣ ከፍ ባሉ ልጆች በክርንና በጉልበት መታጠፊያ ላይ ይወጣል። አይተላለፍም። ብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት «ቆዳው ይቀላል» ብለው የሚጽፉት ለነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ቦታው ይጠቁራል፣ ወይም ወደ ግራጫና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ሲዳሰስም ሻካራ ይሆናል። «አልቀላም» ብላችሁ ችላ አትበሉት። ገላ ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳው እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ከብዙ ውድ ቅባቶች ይሻላል።

ስለ ቅባት ከተነሣ ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል የሚባሉ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅና ከፋርማሲ እየተገዙ ለማንኛውም የቆዳ ችግር ይቀባሉ። ማሳከኩን ወዲያው ስለሚያስታግሱ «ፍቱን ናቸው» ይባላል። ጭርት ላይ ሲቀቡ ግን ፈንገሱ ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፤ ቀለበቱም ስለሚጠፋ ባለሙያው ሲያየው እንኳ ምን እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል። ማዲያት ለማጥፋት ወይም ፊትን ለማቅላት ለወራት የተቀቡ እህቶች ቆዳቸው ሳስቶ፣ ደም ሥሩ ወጥቶ፣ ብጉር ወርሶት ይታያል። ሠርግ ሊደርስ ሲል የሚገዛው «የማቅያ ክሬም» ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ፈዘዝ ያሉና ነጭ ምልክቶች

በደረት፣ በጀርባና በአንገት ላይ ፈዘዝ ያሉ ወይም ጠቆር ያሉ ብዙ ትናንሽ ምልክቶች ወጥተው፣ በጥፍር ሲፋቁ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነገር ካላቸው ቋቁቻ ነው። በሙቀትና በላብ የሚባባስ፣ በሁሉም ሰው ቆዳ ላይ ከሚኖር ፈንገስ የሚመጣ ስለሆነ ነውር የለበትም። መድኃኒቱ ፈንገሱን ከገደለ በኋላም ቀለሙ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል፤ «አልሠራም» ብላችሁ ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው አትሩጡ።

ለምጽ ግን ፈዘዝ ያለ ሳይሆን ፈጽሞ ነጭ ነው። ዳርቻው ጥርት ብሎ ይለያል፤ አይላጥም፣ አያሳክክም፤ በላዩ ያለው ፀጉርም ሊነጣ ይችላል። ዋናው ነገር ስሜቱ ሙሉ ነው፤ ሲነካ ይሰማል። ይህ የሚሆነው የሰውነት መከላከያ ራሱ ቀለም ሰጪ የሆኑትን ሴሎች ሲያጠቃቸው ነው። አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ ጽዋ በመጠጣት አይተላለፍም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሥጋ ደዌ ሲጀምር አስፈሪ መልክ የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአካባቢው ቆዳ ፈዘዝ ባለ ወይም ቀላ ባለ (በእኛ ቆዳ ላይ የመዳብ መልክ ባለው) አንድ ወይም ጥቂት ምልክት ነው። እንደ ለምጽ ፍጹም ነጭ አይሆንም። አያሳክክም፤ አያምም። ቦታው ላብ ላያወጣና ሊደርቅ ይችላል፤ ፀጉሩም ይሳሳል። ከሁሉ በላይ የሚለየው ግን ስሜት ማጣቱ ነው። በቤት ውስጥ ለመፈተሽ ከፈለጋችሁ፣ የሚፈተሸው ሰው ዓይኑን ይጨፍን፤ እናንተ የጥጥ ጫፍ አሹላችሁ አንድ ጊዜ ጤናማውን ቆዳ፣ አንድ ጊዜ ምልክቱን ሳታሻሹ ንኩት፤ እርሱ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳይ። ጤናማው ላይ እያሳየ ምልክቱ ላይ ዝም ካለ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በመርፌ ወይም በትኩስ ነገር መፈተን ግን የለባችሁም። ደግሞም ጥጡ ተሰማው ማለት ነፃ ነው ማለት አይደለም። በሽታው በሌላ መልኩ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ስሜት አይጠፋም፤ ይልቁን የጆሮ ጫፍ ያብጣል ወይም እብጠቶች ያወጣል፣ የቅንድብ ዳር ይመለጣል፣ አፍንጫ ይደፈናል።

ሌሎቹ ምልክቶች ከቆዳው ይልቅ ከኑሮ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። እንጀራ ስትጋግር እጇ ተቃጥሎ ያልተሰማት፣ ቁስሉን ያየችው ማታ ሲሆን ነው። ሲራመድ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ቀርቶ ሳያውቀው የሄደ ሰው አለ። ልብሱን መቆለፍ የተሳነው፣ ትንሿ ጣቱ እየታጠፈች የምትቀር፣ ዓይኑ ሲተኛ በደንብ የማይከደን አለ። እነዚህ ሁሉ ነርቭ እየተጎዳ መሆኑን የሚናገሩ ናቸው፤ ባክቴሪያው ቆዳንና ነርቭን ነውና የሚያጠቃው። ሰዎች በተለምዶ «ሥጋ ደዌ ጣት ይቆርጣል» ይላሉ። በሽታው ጣት አይቆርጥም። ነርቩ ሲሞት ሕመም ይጠፋል፤ ሕመም የሌለው እጅ ደግሞ ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ አጥንት እያለቀ ይሄዳል። ሕመም ጠባቂያችን እንደሆነ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው።

በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርመር ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙዎች የዘር በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በአገራችንም ዛሬ ድረስ «ከዚያ ቤት ልጅ አታግቡ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በዘር አይተላለፍም። የሚተላለፈው ያልታከመ ሰው በሚተነፍሰውና በሚያስነጥሰው አማካይነት፣ ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሕክምና የጀመረ ሰው ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል፤ እንግዲህ ከኅብረት የሚያርቀው ምንም ምክንያት የለም። ጌታ በማቴዎስ 8 ከመፈወሱ በፊት እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው።

«ሥጋ ደዌ ጠፍቷል» የሚሉ አሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ከ180 ሺህ በላይ አዳዲስ ታማሚዎች ተመዝግበዋል፤ በኢትዮጵያም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዳዲስ ሰዎች ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል ሕፃናት አሉ። መድኃኒቱ ግን አለ፤ በነፃ ነው የሚሰጠውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ካጸደቀው ጊዜ ጀምሮ በቅንጅት የሚሰጡት ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በሽታውን ያድናሉ፤ እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳሉ። ሽንትን ያቀላሉ፤ ቆዳንም ያጠቁራሉ፤ ሕክምናው ሲያልቅ ቀስ እያለ ይመለሳል። በዚህ ደንግጠው መድኃኒት የሚያቋርጡ ስላሉ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል። ሌላው የሚያስደነግጠው ደግሞ በሕክምናው መካከል፣ አንዳንዴም ከጨረሱ በኋላ ምልክቶቹ በድንገት ማበጣቸውና ነርቭ መታመሙ ነው። ይህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ሰውነት ከሞቱት ባክቴሪያዎች ጋር የሚያደርገው ትግል ነው። ነገር ግን ነርቭን በጥቂት ቀን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል፤ የራሱ መድኃኒት አለው። ቀድሞ የሞተ ነርቭ ግን በመድኃኒት አይመለስም። አንድ ዓመት መዘግየት ዋጋው ይህ ነው።

ለእኛ ለወንጌላውያን ይህ በሽታ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ዛሬ አለርት ብለን የምናውቀው በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው ሆስፒታል ሥሩ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ከጀመሩት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ አለርት ራሱ የተቋቋመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። በሻሸመኔና ደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳም እንዲሁ ሚሲዮኑ ለእነዚሁ ሰዎች ሠርቷል። በእነዚህ ስፍራዎች ወንጌል ሰምተው ያመኑ፣ ኋላም አገልጋዮች የሆኑ ብዙዎች ናቸው።

ሌሎች ድምፅ የሌላቸው

በደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይ ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማ ቦታዎች አቅራቢያ፣ በፊት ላይ የሚወጣና ለወራት የማይድን፣ ብዙም የማያም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል ትንሽ ነፍሳት ነው። በብረት መተኮስና ቅጠል ማሰር ጠባሳውን ያከፋዋል። የሞተ ከብት የገፈፈ ወይም ሥጋውን የነካ ሰው እጁ ላይ መካከሉ የጠቆረ፣ ዙሪያው ያበጠ፣ የማያም ቁስል ቢወጣበት አባ ሰንጋ ነውና ቀን ሳይጨምር ይሂድ። በእግር መርገጫ ወይም በጥፍር ሥር እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጠብጣብም፣ በማንኛውም ስፍራ ከወር በላይ የማይድን ቁስልም እንዲሁ መታየት አለበት።

ዝሆኔ ግን ከእነዚህ ትንሽ ይለያል፤ ሲጀምር ይናገራል። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በሚያርሱ ሰዎች ላይ መጀመሪያ የእግር ጣቶች አካባቢ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ እግሩ ማታ አብጦ ጠዋት ይጎድላል። በዚህ ጊዜ የተያዘ ከሆነ በሳሙና በመታጠብ፣ ቆዳውን በቅባት በማለስለስ፣ በፋሻ በማሰርና ሁልጊዜ ጫማ በማድረግ ሊቆምና ሊመለስ ይችላል። ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። በወላይታ ሶዶም በ1998 እ.ኤ.አ. በሚሲዮናዊው ዶክተር ናታን ባርሎ የተጀመረ ሥራ ለብዙ ሺህ ሰዎች እግራቸውን ማጠብን አስተምሯል። በቤተሰብ ውስጥ ተጋላጭነት ሊኖር እንደሚችል በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት አሳይቷል፤ ነገር ግን ጫማ ያደረገ ልጅ አይያዝም፣ ከታመመው ሰው ጋር አብሮ በመቀመጥም ማንም አይያዝም። ሽታው ሰውን ያርቃል ይባል ይሆናል። ሽታው ግን በውኃና በሳሙና የሚሄድ ነው።

አልማዝ ባለጭራ የሚባለው ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ እንደ መቀነት ዞሮ የሚወጣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ነው። ሽፍታው ሳይወጣ ሕመሙ ይቀድማል። በልጅነት ከያዘን የጉድፍ ቫይረስ የሚነሣ ሲሆን፣ በሦስት ቀን ውስጥ መድኃኒት ከተጀመረ በእጅጉ ይቀላል። በዓይን ወይም በግንባር አካባቢ ከወጣ ዓይንን ስለሚያሰጋ ሌሊትም ቢሆን መታየት ነው። በወጣት ሰው ላይ ሲወጣ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ማድረግ ይመከራል፤ ይህን መስማት አያስደስትም፣ ግን አስቀድሞ ማወቅ ዕድሜ ያስቀጥላል።

ጸሎትና መድኃኒት

ጌታ እንደሚፈውስ እናምናለን፤ ስለ ታመሙትም እጃችንን ጭነን እንጸልያለን። ነገር ግን በሉቃስ 17 አሥሩን ሰዎች ወደ ካህናት የላካቸው፣ በማቴዎስ 8ም የተፈወሰውን ሰው ሄዶ እንዲታይ ያዘዘው ራሱ ጌታ ነው። በዚያ ዘመን ቆዳን የማየት ሥልጣን የነበረው ካህኑ ነበረና። እንግዲህ የተፈወሰ ሰው መታየቱ ፈውሱን አይቀንሰውም። «በእምነት ተቀበልኩ» ብሎ የስድስት ወሩን መድኃኒት በሦስተኛው ወር የተወ ወንድም ግን፣ ቆዳው ጠርቶ ሳለ ነርቩ ውስጥ ባክቴሪያው እየሠራ ሊሆን ይችላል። ምስክርነት ከመድረክ የምታስተናግዱ መሪዎች «መድኃኒቱን ጨርሰሃል ወይ? ታይተሃል ወይ?» ብትሉ እምነት ማጣት አይደለም። ሰው መድኃኒት እንዲጥል ከመድረክ የሚያዝዝ አገልጋይ ግን ሥልጣኑን ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ ይገባል።

ስሜት የጠፋበት እጅ ወይም እግር ያለው ሰው በኅብረታችሁ ካለ በየቀኑ የሚያደርገው ሥራ አለው፤ ማታ ማታ እጁንና እግሩን ሃያ ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ፣ ሳያደርቅ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀባል፤ ቁስል መኖሩን በዓይኑ ያያል። የውስጥ እግሩን ማየት ካልቻለ ሌላ ሰው ያይለታል። ድስት የሚያወጣው ጨርቅ ይዞ ነው፤ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ውስጡን ጠጠርና ምስማር እንዳይኖርበት ይዳስሳል። የጎበኛችሁት ቀን ይህን አብራችሁት ብታደርጉ ከአንድ ኪሎ ስኳር የሚበልጥ ስጦታ ነው። የዓለም የሥጋ ደዌ ቀን በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር ወር የመጨረሻ እሑድ ላይ ይውላል፤ እሑድ መሆኑ ለእኛ ይመቻል።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ በመጀመሪያ ምን ይመስል እንደነበር፣ በቤት ውስጥ ሌላ ያለበት ሰው መኖሩን ተናገሩ። የተቀባችሁትንና የዋጣችሁትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ ሳታፍሩ ንገሯቸው፤ ቱቦውን ወይም ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ። ልብሳችሁን አውልቃችሁ ሙሉ ሰውነታችሁ እንዲታይ ጠይቁ፤ ምልክቱ ጀርባ ወይም መቀመጫ ላይ ሆኖ ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገር የምትኖሩ ደግሞ በዚያ ያለው ሐኪም ሥጋ ደዌንም ሆነ ቁንጭርን በሕይወቱ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ከአገር ከወጣችሁ አሥር ዓመት ቢሆናችሁም፣ የት እንደተወለዳችሁና የት እንዳደጋችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።